"አንቲኦክሲዳንት አለው" ስትሉን እንዴት ተዘጋጅቶ እንደሆነም ጻፉልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ከጅማ ነው የምጽፍላችሁ። የጤና ገጻችሁን እኔም ጎረቤቶቼም በደንብ እናነበዋለን፣ አንዳንዴ ገጹ ተቆርጦ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሁሉ አያለሁ፣ ስለዚ እዛ ላይ የምትጽፉትን ሰው አንብቦ ብቻ አይተወውም፣ ቤቱ ገብቶ ይሞክረዋል። ስራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ መድኃኒትነት አላቸው የሚባሉ ዕፅዋትን ስናደርቅ፣ ስንፈጭ፣ ስንዘፈዝፍ፣ ስናጠልል፣ ከዛ ውስጣቸው ያለውን ስንለካ ነው የምንውለው። እና ከናንተም ከሌላው ሚዲያም ደጋግሜ የማየው አንድ ክፍተት አለ። "ይሄ ቅጠል በአንቲኦክሲዳንት የበለፀገ ነው" ትላላችሁ፣ ግን ያ አንቲኦክሲዳንት ከቅጠሉ የወጣው በምን ፈሳሽ፣ በምን ያህል ሙቀት፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ አትነግሩንም። እሱ ካልተነገረ ቀሪው ወሬ ለአንባቢ ብዙም አይጠቅመውም፣ አንዳንዴ እንዲያውም ይጎዳዋል ባይ ነኝ።

አንቲኦክሲዳንት የሚባለው አንድ ነገር አይደለም። ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ የጎደላቸውን ኤሌክትሮን ካገኙት ነገር ላይ የሚነጥቁ ሞለኪውሎች አሉ፣ እነሱን ኤሌክትሮን ወይም ሃይድሮጅን ሰጥቶ የሚያበርድ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ቫይታሚን ሲ እዚህ ውስጥ ነው፣ ቫይታሚን ኢም፣ ካሮቲንም፣ ፖሊፌኖል የሚባለው በሺዎች የሚቆጠር ቤተሰብም እንደዛው፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ቫይታሚን ሲ ውሃ ውስጥ ወዲያው ይሟሟል፣ ግን ሙቀትና አየር አይችልም። እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን ውሃ ውስጥ በጭራሽ ሊባል በሚችል ደረጃ አይሟሟም፣ ዘይት ወይም አልኮል ይፈልጋል፣ ብርሃን ላይ ከተተወ ደሞ ይበላሻል። ለጦስኝ ሽታውን የሚሰጡት ታይሞልና ካርቫክሮል ተናኝ ናቸው፣ ክዳን ሳይኖረው ከተንተከተከ ቤቱን ያውዱትና ስኒው ውስጥ የሚቀረው ትንሽ ነው። ጤና አዳም ውስጥ ያለው ሩቲን ደሞ ሌላ ነው፣ አንድ ግራም ሩቲን ለማሟሟት ቀዝቃዛ ውሃ ከሆነ ወደ 8 ሊትር ያስፈልጋል፣ የፈላ ውሃ ከሆነ ግን ወደ 200 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ልዩነቱ 40 እጥፍ ነው፣ ውሃው ያው ውሃ፣ የተቀየረው ሙቀቱ ብቻ። እንግዲህ ጤና አዳምን ማታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ጠዋት የሚጠጣ ሰውና ትኩስ ቡና ውስጥ ቅርንጫፏን ነክሮ የሚጠጣ ሰው አንድ ተክል ወሰዱ ይባላል እንጂ የጠጡት አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ላብራቶሪው (ላብ ወደምንለው) ልውሰዳችሁ፣ ምክንያቱም ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ቁጥር የሚወለደው እዛ ነው። ቅጠሉ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ከዛ ብዙ ጊዜ የሚዘፈዘፈው 80 በመቶ ሜታኖል ውስጥ ነው፣ አንዳንዴ ከ50 እስከ 80 በመቶ ኢታኖል፣ አንዳንዴ አሴቶን። ንጹህ ውሃ ወይም ንጹህ አልኮል ለብቻው የማይመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ውሃው የደረቀውን ቅጠል ያብጠዋል ያላላዋል፣ አልኮሉ ደሞ ውሃ የማይደፍራቸውን ፖሊፌኖሎች ያሟሟል፣ በዛ ላይ ቅጠሉ ሲቆረጥ ፖሊፌኖሉን እያጠቆረ የሚያበላሸውን ኤንዛይም (ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው) ያስቆመዋል፣ ሁለቱ ተደባልቀው ለየብቻቸው ከሚያወጡት በላይ ያወጣሉ። ከተዘፈዘፈ በኋላ ይጠለላል፣ አልኮሉ አየር በሚቀንስ ማሽን 40 ዲግሪ አካባቢ ላይ ተንኖ ይወገዳል፣ የሚቀረው ጥቁር አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ኤክስትራክት የሚባለው ነው። ከዛ ዲፒፒኤች የሚባል ደማቅ ሐምራዊ ፈሳሽ አለ፣ እሱ ላይ ኤክስትራክቱ ይጨመራል፣ ግማሽ ሰዓት ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፣ አንቲኦክሲዳንቱ ጠንካራ ከሆነ ሐምራዊው እየደበዘዘ ሄዶ ሄዶ ቢጫ ይሆናል፣ ምን ያህል እንደደበዘዘ በ517 ናኖሜትር ብርሃን ይለካል። አዲስ የመጡ ተማሪዎች ቀለሙ ሲቀየር ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚታየው ደስታ የእውነት ደስ ይላል፣ እኔም እስካሁን ሳየው ደስ ይለኛል። ግን ያ ቱቦ ውስጥ ያለው ሐምራዊ ፈሳሽ የሰው ደም አይደለም፣ ያ ኤክስትራክትም እናቶቻችን ጀበና ወይም ድስት ውስጥ የሚያፈሉት ውሃ አይደለም።

ክፍተቱ እዚህ ጋ ነው። ጥናቱ በ80 በመቶ ሜታኖል ያገኘውን ቁጥር ይጽፋል፣ ዘዴውንም በግልጽ ያስቀምጣል፣ ተመራማሪው አልደበቀም። ከዛ አንድ ሰው ማጠቃለያውን ብቻ አንብቦ ዜና ያደርገዋል፣ ዘዴው ይወድቃል ስሙ ይቀራል፣ ከዛ ቴሌግራም ላይ ይሄዳል፣ ቲክቶክ ላይ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ "ግራዋ በአንቲኦክሲዳንት አንደኛ ነው ተባለ" ይሆንና ሰው ግራዋውን አሽቶ በውሃ ይጠጣል። በውሃ ምን ያህሉ ወጣ? ያ ጥናት በውሃ ካልሰራው መልስ የለውም። አንዳንዱ ተክል በውሃም ጥሩ ይሰጣል፣ ለምሳሌ ዳማከሴና በሶብላ ያሉበት ቤተሰብ ውስጥ የሚገኘው ሮዝማሪኒክ አሲድ ሙቅ ውሃ ውስጥ በደንብ ይወጣል፣ አንዳንዱ ደሞ በውሃ ምንም አይልም፣ እና ይሄን ለይቶ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ እናት አሉ፣ ስኳር አለባቸው፣ ከጋዜጣ ላይ የተቆረጠ ቁራጭ ይዘው መጥተው "ልጄ፣ ይሄን ቅጠል ጥሩ ነው ብለውታል፣ ለስንት ደቂቃ ላፍላው? ሲፈላ ልክተተው ወይስ ከቀዝቃዛው ጋር ልጣደው?" አሉኝ። በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ እኛ ላብ ውስጥ ቁጭ ብለን የምንከራከርበት ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው፣ አንድም መስመር የለም፣ የቅጠሉ ስምና ምስጋናው ብቻ። "እማማ፣ ሐኪም ያዘዘልዎትን ኪኒን በዚህ ቅጠል እንዳይተኩት፣ መጠጣት ከፈለጉም መጀመሪያ ለሐኪምዎ ይንገሩ" ነው ያልኳቸው፣ ከዛ በላይ ጽሑፉ ላይ ተነስቼ የምነግራቸው ነገር አልነበረኝም።

ሜታኖልን በተመለከተ ደሞ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ሜታኖል መርዝ ነው። ጉበት ውስጥ ወደ ፎርማልዲሃይድና ፎርሚክ አሲድ ይቀየራል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። በኮሮና ጊዜ ኢራን ውስጥ አልኮል ቫይረሱን ይከላከላል የሚል ወሬ ሰምተው ሜታኖል ያለበት መጠጥ የጠጡ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚ "በሜታኖል የወጣው ጠንካራ ሆኖ ተገኘ" የሚል ጽሑፍ ስታወጡ ይሄ የላብ ስራ ብቻ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ የማይሞከር እንደሆነ እባካችሁ እዛው አጠገቡ ጻፉ። በአረቄ ነጭ ሽንኩርት የሚዘፈዝፍ ሰው ደሞ በየሰፈሩ አለ። ዳግም አረቄ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ሊኖረው ይችላል፣ እና እውነቱን ለመናገር ፖሊፌኖል ለማውጣት መጥፎ ፈሳሽ አይደለም፣ ያ ማለት ግን እርጉዝ ሴት፣ ጉበቱን የታመመ ሰው፣ መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰው ይጠጣው ማለት አይደለም። ጥሩ ያወጣል ማለትና ጥሩ ነው ማለት ይለያያሉ።

በነገራችን ላይ ህዝባችን ስለ ማውጣት ዘዴ አያውቅም ብዬ አይደለም ይሄን የምለው፣ ያውቃል፣ በደንብ ያውቃል። ቅቤ ሲነጠር አይታችሁ እንደሆነ፣ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ እርዱ፣ አብሹ ይገባል፣ እሳቱ ዝግ ይላል፣ አረፋው ይገፈፋል፣ ቅቤው ቢጫ እየሆነ ሽታው እየተቀየረ ይሄዳል፣ ከታች አንጉላው ሲረጋ ይጠለላል። ይሄ በስብ የሚደረግ ኤክስትራክሽን፣ ማለትም ማውጣት ነው፣ ውሃ የማያወጣቸውን ኩርኩሚንና የሽታ ዘይቶች ስቡ ይጎትታቸዋል። ንጥር ቅቤ ሳይበላሽ የሚቆየው ዋናው ምክንያት ውሃውና ወተታማው ነገር ስለሚወጣለት ነው፣ ግን ከቅመሙ የወጡት አንቲኦክሲዳንቶችም ስቡ ቶሎ እንዳይሸት ያግዛሉ። እሳቱ ከበዛ ደሞ ቅመሙ ይቃጠላል፣ ሁሉም እናት ይሄን ያውቃል። እርድን በተመለከተ አንድ ልጨምር፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ህንድ አገር በሰው ላይ የተሰራ ጥናት 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊ ግራም ፒፐሪን ጋር ሲሰጥ ደም ውስጥ የሚገባው መጠን 20 እጥፍ እንደጨመረ አሳይቷል፣ ፒፐሪን ማለት የቁንዶ በርበሬ የሚያቃጥለው ነገር ነው። እርድ፣ ዘይት፣ ቁንዶ በርበሬ አንድ ድስት ውስጥ የሚገናኙበት ወጥ ስንት አለን! እርድ በውሃ አፍልቶ ከሚጠጣ ሰው ይልቅ አልጫ ወጥ የሚበላው ሰው የተሻለ ሳያገኝ አይቀርም ብዬ አምናለሁ።

ቡናም ያው ነው፣ ጅማ ቁጭ ብዬ ስለ ቡና ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ቡና ማፍላት ራሱ ኤክስትራክሽን ነው፣ ዱቄቱ መድቀቁ፣ ውሃው መሙቀቱ፣ የሚቆይበት ጊዜ ሁሉም ይለውጠዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የምንለው ደሞ በላብ ቋንቋ አንዱን ዱቄት በአዲስ ውሃ ደጋግሞ ማውጣት ነው፣ የመጀመሪያው ብዙውን ይወስዳል፣ ሁለተኛው የቀረውን፣ ሶስተኛው ቅሪቱን። ጥሬ የአረቢካ ቡና ውስጥ ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባለው ፖሊፌኖል ከደረቅ ክብደቱ ከ5 እስከ 8 በመቶ ገደማ ነው፣ ሲቆላ ግን እየቀነሰ ይሄዳል፣ በጣም ከጠቆረ አብዛኛው ይጠፋል፣ በምትኩ ሜላኖይዲን የሚባሉ ቡናማ ነገሮች ይፈጠራሉ፣ እነሱም በራሳቸው አንቲኦክሲዳንት ናቸው። ስለዚ "ቡና አንቲኦክሲዳንት አለው" ሲባል የቱ ቡና፣ እንዴት የተቆላ፣ የስንተኛው ስኒ? ቅጠሉም ቢሆን፣ ሐረር በኩል ቁጢ ብለው የሚያፈሉት፣ ወደ ቤንችና ሸካ ደሞ ጨሞ ብለው ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር የሚጠጡት፣ ከፍሬው የተለየ ነገር አለው፣ ማንጂፈሪን የሚባል ማንጎ ውስጥ የሚታወቅ ፖሊፌኖል የአረቢካ ቡና ቅጠል ውስጥ ይገኛል። ለጋ ቅጠልና ያረጀ ቅጠል፣ የተቆላና ያልተቆላ፣ አጭር የፈላና ረጅም የፈላ፣ ሁሉም ውጤቱ ይለያያል። ቡና በበቀለበት አገር ይሄን ለይቶ የሚጽፍ የአማርኛ ጽሑፍ ፈልጌ ማጣቴ ያሳዝነኛል።

ሞሪንጋው ደሞ እኔን በጣም የሚያበሳጨኝ ነው። "ከብርቱካን 7 እጥፍ ቫይታሚን ሲ" የሚለውን ያልሰማ ሰው የለም፣ የፓውደሩ ፕላስቲክ ላይ ሁሉ ታትሞ ይሸጣል። ያ ቁጥር የመጣው ከእርጥብ ቅጠል ነው። በብዛት የሚጠቀሰው ሠንጠረዥ ላይ 100 ግራም እርጥብ የሞሪንጋ ቅጠል 220 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ አለው ይላል፣ እዛው ሠንጠረዥ ላይ 100 ግራም የደረቀው ዱቄት ግን 17 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው ያለው። ልብ በሉ፣ ሲደርቅ ውሃው ስለሚወጣ ሌላው ነገር ሁሉ በግራም ሲቆጠር ይጨምራል፣ ፕሮቲኑም ካልሲየሙም ይጨምራል፣ ቫይታሚን ሲው ግን በተቃራኒው ወረደ፣ ማለት አብዛኛው በማድረቁ ጊዜ ጠፍቷል። ደሞ አንድ ሰው በቀን 100 ግራም ዱቄት አይበላም፣ አንድ ሁለት ማንኪያ ነው። እና እዚህ ገበያ ላይ የማየው ዱቄት ነጭ ፕላስቲክ ውስጥ ሆኖ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚውለው፣ አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ወደ ቡናማ ያደላ። ሻጮቹን አልወቅስም፣ የነገራቸው የለም፣ እነሱም ሰርተው ለማደር ነው። ግን ጥላ ውስጥ ማድረቅ፣ ብርሃን በማያስገባ ነገር ማሸግ፣ የደረቀበትን ቀን መጻፍ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ኮንሶዎች ሺፈራውን እንደ ጎመን ቀቅለው ከነፍሱ ነው የሚበሉት፣ ቅጠሉንም መረቁንም፣ እና ከፓውደር ይልቅ እሱ ነው ምግብ የሚባለው ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም።

ስለ ሙቀት ካነሳሁ፣ ጅማ ከባህር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባ ደሞ 92 ገደማ። ውጭ አገር የተጻፈ "በ100 ዲግሪ 10 ደቂቃ" የሚል መመሪያ ቀጥታ አይሰራልንም፣ ለአንዳንዱ ትንሽ ረዘም ማድረግ ያስፈልጋል። ለስላሳ ቅጠልና አበባ ከሆነ የፈላ ውሃ አፍስሶ ከድኖ ማቆየት ይበቃዋል፣ ልጥ ወይም ስር ከሆነ ጠንካራ ስለሆነ መንተክተክ ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ግን መደቀቅ አለበት፣ ትልቅ ስንጥር ውስጥ ያለውን ውሃ አይደርስበትም። ነጭ ሽንኩርት ደሞ ኤንዛይም ነው የሚሰራለት፣ ሲወቀጥ ነው አሊሲን የሚባለው ዋና ንጥረ ነገሩ የሚፈጠረው፣ ሳይወቀጥ እንዳለ የፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ኤንዛይሙ ይሞትና አሊሲኑ አይፈጠርም፣ ስለዚ ወቅጦ 10 ደቂቃ ያህል ትቶ ከዛ እሳት ላይ ማድረግ ይሻላል። ዝንጅብል ሲደርቅና ሲሞቅ ጂንጀሮል የሚባለው የሚያቃጥል ነገሩ ሾጋኦል ወደሚባል ሌላ ነገር ይቀየራል፣ ሾጋኦል ይበልጥ ያቃጥላል፣ አንቲኦክሲዳንትነቱም ጠንካራ ነው፣ ስለዚ ሙቀት ሁልጊዜ ጠላት ነው ማለትም ትክክል አይደለም።

ዘዴ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ለሚጠራጠር ሰው ሁለት ታሪክ ልንገር፣ ሁለቱም ስለ አንቲኦክሲዳንት ባይሆኑም። አንዱ የቻይናዋ ተመራማሪ የቱ ዩዩ ነው። ለወባ መድኃኒት ስትፈልግ ቺንግሃኦ የሚባለውን ተክል ቡድኗ ደጋግሞ ሞከረ፣ ውጤቱ አንዴ ጥሩ አንዴ መጥፎ እየሆነ አስቸገረ። ከዛ ከ1,600 ዓመት በፊት የነበረው ሐኪም ጌ ሆንግ የጻፈውን ስታነብ ተክሉን ውሃ ውስጥ ነክረህ ጨምቀህ ጠጣ ይላል እንጂ አፍላው አይልም። ሙቀቱ እያጠፋው ይሆናል ብላ በ35 ዲግሪ የሚፈላ ኢተር የሚባል ፈሳሽ ተጠቀመች፣ 1971 እ.ኤ.አ. ላይ በአይጥ ወባ ላይ መቶ በመቶ ሰራ። ያ ነው አርቴሚሲኒን፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ያሸለማት። ያው ተክል፣ የተለወጠው የማውጫው መንገድ ነው። (የእኛ አሪቲና ጭቁኝ የዛ ተክል ዘመዶች ናቸው እንጂ እሱ አይደሉም፣ ወባ የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ጅማ ዙሪያ ወባ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን።) ሁለተኛው የራሳችን ነው፣ እንዶድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው የጀመረው፣ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ። በኋላ እንደታወቀው ፍሬው በውሃ ሲፈጭ ኤንዛይሙ ሳፖኒን የሚባለውን አረፋ የሚያወጣ ነገሩን ቆርጦ ቀንድ አውጣ ወደሚገድለው ዓይነት ይቀይረዋል፣ በሜታኖል ከተዘፈዘፈ ግን ኤንዛይሙ ስለሚቆም ያ ነገር አይፈጠርም። ማለትም እዚህ ላይ የላብራቶሪው ውድ ሶልቨንት (ማውጫ ፈሳሽ) ተሸንፎ የልብስ አጣቢዎቹ ዘዴ ነው ያሸነፈው። ይሄን ሳነብ የሀገሬ ሴቶች ላይ ያለኝ አክብሮት በጣም ነው የጨመረው።

ለተመራማሪዎቻችንም፣ እዚህ ጅማ ላሉትም ለሌላው ከተማም፣ በወንድምነት የምለው አለኝ። ሶክስሌት የሚባለው መሳሪያ፣ በ1879 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ፍራንዝ ፎን ሶክስሌት የወተት ስብ ለመለካት የሰራው፣ አሁንም የላቦቻችን ዋና መሳሪያ ነው፣ ጥሩ ይጠርጋል፣ ግን ኤክስትራክቱ ታች ብልቃጥ ውስጥ ለሰዓታት እየፈላ ስለሚቆይ ሙቀት የማይችለው ነገር እየተበላሸ ነው የሚጠራቀመው። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ደሞ ስንት ሰዓት እንደሰራ መቁጠርም ችግር ነው። በአልትራሳውንድ የሚደረገው በደቂቃዎች ያልቃል፣ ድምፁ የሚፈጥራቸው ጥቃቅን አረፋዎች የተክሉን ሴል እየሰበሩ ስለሚያስወጡት ያን ያህል ሙቀት አይፈልግም። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ31 ዲግሪ ሙቀትና ከ74 ባር ግፊት በላይ አድርጎ ማውጣትም አለ፣ ለጥቁር አዝሙድ ዘይት ዓይነቱ በጣም ጥሩ፣ መርዝ አይተውም፣ ማሽኑ ግን ውድ ነው። እኔ የምለምነው ከዚህ ሁሉ የሚቀለውን ነው፣ የቱንም ዘዴ ተጠቀሙ ግን ከጎኑ ህዝቡ ራሱ እንደሚያዘጋጀው፣ በውሃ፣ በሚያፈላበት ሰዓት፣ በሚጠጣበት መጠን አንድ ናሙና ጨምሩ። አንድ ናሙና ነው፣ በጀት አይበላም፣ ጥናቱ ሲያልቅ ግን ለጎረቤቴ የሚነገር ነገር ይኖረዋል።

ቁጥሮቹም ሲታተሙ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ጠቅላላ ፌኖል የሚለካበት ፎሊን የሚባለው ዘዴ ፌኖል ብቻ አይደለም የሚቆጥረው፣ ቫይታሚን ሲና አንዳንድ ስኳሮችም ይገቡበታል፣ ስለዚ በሁለት ዘዴ የወጡ ሁለት ተክሎችን አንዱ ከአንዱ ይበልጣል ብሎ ደረጃ ማውጣት አይቻልም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ራሱ የምግቦችን አንቲኦክሲዳንት ቁጥር የያዘውን ሠንጠረዥ በ2012 እ.ኤ.አ. ከድረ ገጹ አውርዶታል፣ ቁጥሩ ሰውነት ውስጥ ከሚሆነው ጋር አይገናኝም፣ ነጋዴዎችም ማስታወቂያ አድርገውታል ብሎ። ብዙ ከሆነ ይሻላል የሚለውም አይሰራም፣ ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሾች ላይ የተሰራውና በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ቤታ ካሮቲን በኪኒን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ነው ያገኘው፣ ይቀንሳል ተብሎ ነበር የተጀመረው።

ጠንካራ ዘዴ ጥሩውን ብቻ መርጦ አያወጣም፣ መርዙንም አብሮ ያወጣል። ጤና አዳም ስኒ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ሌላ ነው፣ በብዛት ተቀቅሎ ወይም በአልኮል ተዘፍዝፎ መጠጣት ሌላ፣ እርጉዝ ሴት ላይ ማህፀን ሊያኮማትርና ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል፣ ጭማቂው ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። ኮሶም ከመጠን ሲያልፍ ዓይን እንደሚጎዳ ድሮም ይታወቃል። ይሄ ሁሉ "ተፈጥሯዊ ነው ምንም አያደርግም" ለሚለው ወገን ነው።

እንግዲህ ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው ይሄ ነው። ስለ አንድ ተክል ስትጽፉ የትኛው ክፍሉ እንደሆነ፣ እርጥብ ይሁን ደረቅ፣ በምን ተዘፍዝፎ ወይም ፈልቶ፣ ስንት ዲግሪ ስንት ደቂቃ፣ ቱቦ ውስጥ ነው አይጥ ላይ ነው ሰው ላይ ነው የተሞከረው፣ እና ማን መውሰድ እንደሌለበት፣ ይሄን ሁሉ በሁለት ሶስት መስመር ማስገባት ይቻላል። ጥናቱ በሜታኖል ብቻ የተሰራ ከሆነ "በውሃ ተፈልቶ አልተሞከረም" ብላችሁ ጻፉ፣ አንባቢያችሁ ይገባዋል፣ አንባቢያችሁን አትናቁት። ጸሐፊዎቻችሁ አንድ የጥናት ጽሑፍ አንብበው ዘዴው ላይ ከተቸገሩ እዚህም ሌላም ቦታ የሚረዳ ባለሙያ አለ፣ እኔም በግሌ ደስ እያለኝ አያለሁ፣ ሳይከፈለኝ። ባለፈው ስለ ጦስኝ የጻፋችሁት ላይ "ለ20 ደቂቃ ማፍላት" የሚል አለ፣ ስለ ክዳን ግን ምንም አልተባለም። በሚቀጥለው እትም ላይ ጦስኙ የፈላ ውሃ ፈሶበት ተከድኖ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ክዳኑ ላይ ያረፈው ጠብታም ወደ ስኒው ይመለስ የምትል አጭር ማስተካከያ ብታወጡ ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከጅማ